አንጀት ሲጠማዘዝና ሲፈታ፦ የዕድገት ቀስቃሽ ፕሮቲኖች የደም እገዳ ጉዳትን በመከላከል ረገድ ያላቸው ተስፋና ወሰን፣ ከቢቸናና ከሞጣ አንጻር

መግቢያ

በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ለድንገተኛ የሆድ ቀዶ ሕክምና ከሚዳርጉ ሕመሞች መካከል የአንጀት መዘጋት በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል። መንሥኤው ግን በበለጸጉት አገሮች ከሚታየው ይለያል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ትንሹን አንጀት በአብዛኛው የሚዘጋው ከቀደመ ቀዶ ሕክምና የተረፈ የጠባሳ ትስስር ሲሆን ትልቁን አንጀት የሚዘጋው ደግሞ በብዛት ዕጢ ነው። ከኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የወጡ ጥናቶች በተደጋጋሚ የሚያሳዩት የትንሹ አንጀት መጠማዘዝና ሲግሞይድ የሚባለው የትልቁ አንጀት ክፍል መጠማዘዝ ጎልተው እንደሚገኙ ነው። ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ ወንዶች፣ ብዙዎቹም ከገጠር የሚመጡ ገበሬዎች ናቸው።

መጠማዘዝ የመተላለፊያ መዘጋት ብቻ አይደለም። አንጀት በማንጠልጠያው ዙሪያ ሲዞር በማንጠልጠያው ውስጥ የሚያልፉት የደም ሥሮችም አብረው ይታነቃሉ። ስለዚህ ታማሚው በአንድ ጊዜ ሁለት አደጋ ያጋጥመዋል፤ አንደኛው ምግብና አየር ማለፍ አለመቻላቸው ሲሆን ሁለተኛው የአንጀቱ ግድግዳ ደም ማጣቱ ነው። ፈጥኖ የሚገድለው ሁለተኛው ነው። ከዚህም በላይ ጠመዝማዛው ተፈትቶ ደም ሲመለስ ከእገዳው የተለየ ሌላ ጉዳት ይጀምራል። ይህ ጽሑፍ ያ ጉዳት እንዴት እንደሚፈጠር፣ በሕክምናው ዓለም ግሮውዝ ፋክተር የሚባሉት የዕድገት ቀስቃሽ ፕሮቲኖች ሊከላከሉት የሚችሉበትን መንገድ፣ እንዲሁም የቤተ ሙከራው ውጤት እንደ ቢቸናና ሞጣ ባሉ ከተሞች ሆስፒታሎች ላይ ሲመዘን ምን እንደሚመስል ያብራራል።

የችግሩ መልክ በአካባቢው

ቢቸና በእነማይ ወረዳ፣ ሞጣ ደግሞ በሁለት እጁ እነሴ ወረዳ የሚገኙ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ናቸው። ሁለቱም ከደጀን ተነሥቶ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚያመራው መንገድ ላይ ይገኛሉ። ዙሪያቸው ጤፍ አምራች ደጋና ወይና ደጋ ሲሆን በምሥራቅ በኩል መሬቱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ከመኪና መንገድ ርቆ በሚገኝ ቀበሌ የሚኖር ታማሚ መጀመሪያ በቃሬዛ፣ ቀጥሎ በአምቡላንስ ወይም በሕዝብ ማመላለሻ ይጓዛል። ቁርጠቱ ያልፋል በሚል ተስፋ በቤት የሚባክነው ጊዜም በጉዞው ላይ ይደመራል። የአንጀት መጠማዘዝ የሰዓታት ጉዳይ በመሆኑ መዘግየቱ በቀጥታ ወደ አንጀት መበስበስ ያመራል። የአገሪቱ ጥናቶች ዘግይቶ መድረስን ከሕመሙ መክፋትና ከሞት ጋር የሚያያይዙት በዚሁ ምክንያት ነው።

መጠማዘዙ ለምን እንደሚበዛ የሚሰጡት ማብራሪያዎች የተለያዩ ናቸው። ሲግሞይዱ ረጅም፣ የማንጠልጠያው ሥር ደግሞ ጠባብ ሲሆን ክፍሉ በቀላሉ ይዞራል፤ አሰር የበዛበት ምግብም አንጀትን በማስረዘምና በማስፋት ይጠረጠራል። ለትንሹ አንጀት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1977 ከአፍጋኒስታን የወጣ ዘገባ ለረጅም ሰዓት ባዶ በቆየ ሆድ ላይ በአንድ ጊዜ የሚበላ ብዙና አሰር የበዛበት ምግብ መጠማዘዝን ሊያስከትል እንደሚችል ሐሳብ አቅርቧል። በጎጃም ገጠርም ረጅም የጾም ሰዓትና ከዚያ በኋላ የሚበላ ጠንከር ያለ ምግብ የተለመደ ስለሆነ ይኸው መላ ምት ሊፈተሽ ይገባዋል እንጂ እንደ ተረጋገጠ መንሥኤ ሊወሰድ አይገባም።

ደም ሲታገድ፣ ደም ሲመለስ

በዕረፍት ላይ ያለ ሰው ልብ ከሚረጨው ደም ከአምስት እጅ አንዱ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጠው ወደ ሆድ ዕቃ አካላት ይሄዳል። ከአንጀት ግድግዳ ንብርብሮች መካከል ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ምግብን የሚመጠው ውስጠኛ ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን ጣት መሰል ጥቃቅን ጉብታዎችና በመካከላቸው የሚገኙ ጉድጓዶች አሉት። በጉድጓዶቹ ሥር የሚኖሩት ግንድ ሕዋሳት ያለ ማቋረጥ ይራባሉ፤ አዲሶቹ ሕዋሳት ወደ ጉብታው ጫፍ ይወጣሉ፤ በጫፉም ላይ ያረጁት ይራገፋሉ። ሽፋኑ በዚህ መንገድ በ3 እና በ5 ቀናት መካከል ሙሉ በሙሉ ይታደሳል።

በእያንዳንዱ ጉብታ ውስጥ ወደ ጫፉ የሚወጣው ደም ቅዳና ከጫፉ የሚወርደው ደም መልስ ተቀራርበው ይሄዳሉ። በመሆኑም ኦክስጅን ጫፉ ላይ ሳይደርስ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ሊሻገር ይችላል። ፍሰቱ ሲቀንስ አስቀድሞ የሚጎዳው የጉብታው ጫፍ፣ ዘግይቶ የሚጎዳው ደግሞ የጉድጓዱ ሥር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ቅደም ተከተል ለሕክምና ትልቅ ትርጉም አለው፤ ጫፉ ቢሞት እንኳ ግንድ ሕዋሳቱ እስካሉ ድረስ ሽፋኑ እንደገና ሊበቅል ይችላልና። እ.ኤ.አ. በ1970 ቺዩና ባልደረቦቹ በውሾች ላይ ባደረጉት ጥናት ይህንን የጉዳት እርከን ከ0 እስከ 5 በሚደርስ መለኪያ ደረጃ አወጡለት። 0 ጤናማውን ሽፋን፣ 5 ደግሞ የተበታተነውንና የሚደማውን ሽፋን ያመለክታል። መለኪያው እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ደም መመለሱ ብቻውን ፈውስ አለመሆኑን በግልጽ ያሳየው ፓርክስና ግሬንጀር እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጡት ጥናት ነው። በድመት አንጀት ላይ 3 ሰዓት ደም ታግዶ 1 ሰዓት ከተመለሰ በኋላ የታየው ጉዳት፣ 4 ሰዓት ሙሉ ታግዶ ከቆየው አንጀት ጉዳት በልጦ ተገኘ። ምክንያቱ እንዲህ ይብራራል። ኦክስጅን ሲጠፋ የሕዋሱ የኃይል ምንጭ የሆነው ኤቲፒ ይፈራርስና ሃይፖዛንቲን የሚባል ውጤት ይከማቻል፤ በአንጀት ሽፋን በብዛት የሚገኘው ዛንቲን ዲሃይድሮጂኔዝ የተባለ ኢንዛይምም ወደ ኦክሲዴዝ ይለወጣል። ደም ሲመለስ ይህ ኢንዛይም የተከማቸውን ሃይፖዛንቲን ከአዲሱ ኦክስጅን ጋር አገናኝቶ ጎጂ የኦክስጅን ራዲካሎችን ያመነጫል። እነዚህም የሕዋስ ሽፋንን ይሰብራሉ፤ ኒውትሮፊል የተባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳትም ወደ ቦታው ይጠራሉ። እነርሱም በተራቸው ጥቃቅን የደም ሥሮችን ይዘጋሉ፣ ተጨማሪ ራዲካልም ይለቃሉ። አጥሩ የፈረሰው ሽፋን ባክቴሪያንና መርዛቸውን ወደ ደም ያሳልፋል፤ ሳንባና ኩላሊትም ይጎዳሉ።

የሰው አንጀት ግን እንደ አይጥ አንጀት ቶሎ የሚሸነፍ አይደለም። በኔዘርላንድስ ማስትሪክት የተደረጉ ጥናቶች በቆሽት ቀዶ ሕክምና ወቅት ተቆርጦ ሊወጣ ከነበረ የአንጀት ክፍል ላይ ለ30 ደቂቃ ደም አግደው መለሱ። የጉብታው ጫፍ ከሥሩ ካለው ክፍል ቢላቀቅም ደም ከተመለሰ በኋላ ጉብታው ተሸብሽቦ፣ የተጎዱት ሕዋሳት ወደ ውጭ ተገፍተውና ጎረቤቶቻቸው ተቀራርበው ክፍተቱ በፍጥነት ተዘጋ። አንጀት የራሱ ጥገና አለው ማለት ነው። የዕድገት ቀስቃሽ ፕሮቲኖች ጥናትም ይህን ነባር ጥገና ማበርታት ይቻላልን ከሚል ጥያቄ ይነሣል።

የዕድገት ቀስቃሽ ፕሮቲኖች

በሰፊው የታወቀው ኤፒደርማል ግሮውዝ ፋክተር፣ በአጭሩ ኢጂኤፍ፣ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። ስታንሊ ኮኸን ከአይጥ የምራቅ ዕጢ የወሰደውን ጭማቂ በአዲስ የተወለዱ አይጦች ላይ ሲወጋ ዓይናቸው ከጊዜው ቀድሞ ተከፈተ፣ ጥርሳቸውም ቀድሞ በቀለ። ኮኸን ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1986 ከሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተጋርቷል። ኢጂኤፍ 53 አሚኖ አሲዶች ያሉት ትንሽ ፕሮቲን ሲሆን በምራቅ፣ በዱዎዲነም ዕጢዎችና በእናት ጡት ወተት ይገኛል።

ለደም እገዳ ጉዳት ይበልጥ የተጠናው የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ኤችቢ ኢጂኤፍ ይባላል። ይህ ፕሮቲን እ.ኤ.አ. በ1991 ታወቀ። ከዘመዱ የሚለየው ሄፓሪንን ከሚመስሉ የሕዋስ ገጽ ስኳሮች ጋር የመጣበቅ ባሕርዩ ነው። መጀመሪያ በሕዋሱ ሽፋን ላይ ተተክሎ ይቆያል፤ ጉዳት ሲደርስ በኢንዛይም ተቆርጦ ይለቀቃል። የዲፍቴሪያ መርዝ ወደ ሕዋስ የሚገባው በዚሁ ሽፋን ላይ በተተከለው ቅርጹ በኩል መሆኑም የፕሮቲኑ አስገራሚ ገጽታ ነው። በአሜሪካ ኦሃዮ፣ በኮሎምበስ ከተማ፣ ጌይል ቤስነርና ባልደረቦቻቸው ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምረው ይህን ፕሮቲን ኦክስጅን ለተነፈጋቸው የአንጀት ሕዋሳትና የአንጀት ደም ቅዳቸው ለታገደ አይጦች በመስጠት ጉዳቱ እንደሚቀንስ አሳይተዋል።

ሌሎችም አሉ። ኬራቲኖሳይት ግሮውዝ ፋክተር፣ ኢንሱሊን መሰል ግሮውዝ ፋክተር 1 እና ከአንጀት ራሱ የሚመነጨው ጂኤልፒ 2 በእንስሳት ላይ የአንጀትን ሽፋን የማወፈርና የመጠበቅ ኃይል አሳይተዋል። ከነዚህ ዘር የወጡ ሁለት መድኃኒቶችም ለሰው ሕክምና ደርሰዋል። ፓሊፈርሚን እ.ኤ.አ. በ2004 በካንሰር ሕክምና ምክንያት ለሚመጣ የአፍ ቁስል፣ ቴዱግሉታይድ ደግሞ በ2012 ለአጭር አንጀት ሕመም በአሜሪካ ተፈቅደዋል። ለደም እገዳና ለደም መመለስ ጉዳት ግን በመደበኛ ሕክምና የተፈቀደ የዕድገት ቀስቃሽ ፕሮቲን እስካሁን የለም።

የሚከላከሉበት መንገድ

የነዚህ ፕሮቲኖች ሥራ በጊዜ ሲለይ ሁለት ነው። ፈጣኑ ሥራ ከደቂቃዎች እስከ ሰዓታት ውስጥ ይፈጸማል። ፕሮቲኑ በሕዋሱ ገጽ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲጣመር ሕዋሱ ራሱን በራሱ እንዳያጠፋ የሚያዝዝ ምልክት ወደ ውስጥ ይተላለፋል። የኤቲፒ ክምችቱና የውስጥ አጽሙም ይጠበቃል። በቁስሉ ዳር ያሉ ሕዋሳት ሳይራቡ ተዘርግተውና ተጉዘው ክፍተቱን ይሸፍናሉ። ኤችቢ ኢጂኤፍ በተጨማሪ ናይትሪክ ኦክሳይድ ከመጠን በላይ እንዳይመረትና ኒውትሮፊሎች በደም ሥር ግድግዳ ላይ እንዳይጣበቁ እንደሚያደርግ በቤተ ሙከራ ታይቷል። ዘገምተኛው ሥራ ደግሞ ግንድ ሕዋሳትን ማራባት ሲሆን ውጤቱ የሚታየው ከአንድ ቀን በኋላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሊሞት ያለ ታማሚ የሚያስፈልገው ፈጣኑ ሥራ ነው፤ ብዙ አንጀቱ ተቆርጦ የተረፈ ታማሚ ግን ዘገምተኛውን ይፈልጋል።

የመስጫው መንገድም የራሱ ሥነ ሕይወታዊ ምክንያት አለው። የኢጂኤፍ ተቀባይ በአብዛኛው የሚገኘው በሕዋሱ የጎንና የሥር ገጽ ላይ እንጂ ምግብ በሚያልፍበት ገጽ ላይ አይደለም። ስለዚህ በጤናማ አንጀት ውስጥ የሚፈሰው ኢጂኤፍ ተቀባዩን ብዙም አያገኝም፤ ሽፋኑ ሲቀደድ ግን ተቀባዩ ይጋለጣል፣ ጥገናውም በተቀደደበት ቦታ ይጀምራል። ሬይመንድ ፕሌይፎርድ ኢጂኤፍን የአንጀት ውስጥ ዘበኛ አድርገው የገለጹት ከዚህ በመነሣት ነው። ይህ ዘበኛ ግን ጠላት አለው። ፕሌይፎርድና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1993 እንዳሳዩት በጾመ ሰው አንጀት ውስጥ ያለው የቆሽት ኢንዛይም ኢጂኤፍን ፈጥኖ ይቆራርጠዋል፤ እንደ ወተት ኬዚን ያለ የምግብ ፕሮቲን ሲኖር ግን ኢንዛይሙ በምግቡ ስለሚጠመድ ኢጂኤፉ ይተርፋል። አንጀቱ የተዘጋበት ታማሚ ምንም ስለማይቀምስ በአንጀቱ ውስጥ የሚሰጠው ፕሮቲን ከመከላከያ ጋር ካልተሰጠ ሳይሠራ ሊጠፋ ይችላል።

ከቤተ ሙከራ እስከ ቀዶ ሕክምና ክፍል

የእንስሳት ሙከራው ተስፋ ሰጪ ቢሆንም በሞጣ ወይም በቢቸና ከሚታየው ታማሚ የሚለይባቸው ነጥቦች መታየት አለባቸው። የመጀመሪያው ጊዜ ነው። በቤተ ሙከራ ደም የታገደበት ደቂቃ ይታወቃል፤ ፕሮቲኑም በብዙዎቹ ሙከራዎች ከእገዳው በፊት ወይም በእገዳው ወቅት ይሰጣል። ከገጠር የመጣ ታማሚ ግን እገዳው የጀመረበትን ሰዓት የሚያመለክተው ቁርጠቱ ብቻ ነው፤ ቁርጠቱና የደም ሥሩ መታነቅ ደግሞ ሁልጊዜ እኩል አይጀምሩም።

ሁለተኛው የእገዳው ዓይነት ነው። ሙከራዎቹ በአብዛኛው የሚያግዱት ደም ቅዳውን ነው። በመጠማዘዝ ጊዜ ግን ግድግዳው ስስ የሆነው ደም መልስ ቀድሞ ይታነቃል፤ ደም እየገባ መውጫ ስለሚያጣ አንጀቱ ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ ደምም ይቋጥራል። በአንዱ የሠራ መድኃኒት በሌላው ይሠራል ብሎ መደምደም አይቻልም። ሦስተኛው የጉዳቱ ጥልቀት ነው። ሙሉ እገዳ ለሰዓታት ሲቆይ ሞቱ ከሽፋኑ አልፎ ጡንቻውን ይይዛል፤ የሞተን አንጀት የሚያስነሣ ፕሮቲን ደግሞ የለም።

ከነዚህ ልዩነቶች መካከል ግን አንድ ዕድል ይታያል። እገዳው የጀመረበት ሰዓት ባይታወቅም ደም የሚመለስበት ቅጽበት በትክክል ይታወቃል፤ ጠመዝማዛውን የሚፈታው የቀዶ ሐኪሙ እጅ ነውና። ሲግሞይዱ ገና ሕያው ሆኖ በፊንጢጣ በሚገባ ቱቦ ሲፈታም ቅጽበቱ ይታወቃል። ቀዶ ሐኪሞች የዚህን ቅጽበት አደገኛነት ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ በግልጽ የበሰበሰ አንጀት ሲያገኙ ሳይፈቱ የደም ሥሩን አስረው መቁረጥን የሚመርጡት የተከማቸው መርዝ ወደ ደም እንዳይለቀቅ ነው። አጠራጣሪ የሆነውን አንጀት ግን ይፈቱትና በሞቀ የጨው ውኃ በራሰ ጨርቅ ሸፍነው ለደቂቃዎች ይጠብቃሉ፤ ከዚያም ቀለሙን፣ እንቅስቃሴውንና የደም ሥሩን ትርታ አይተው ይወስናሉ። ለአካባቢው ታማሚ የሚጠቅም ሙከራ የሚባለው እንግዲህ ፕሮቲኑን ከእገዳው በኋላ፣ ከመፈታቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የሚሰጥና በዚያ አጠራጣሪ አንጀት ላይ የሚፈትን ሙከራ ነው።

የሚያተርፈው ነገር ቀላል አይደለም። ከ200 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ትንሽ አንጀት የቀረለት አዋቂ ለአጭር አንጀት ሕመም ይጋለጣል፤ እንዲህ ያለውን ሰው በደም ሥር ሙሉ ምግብ እየሰጡ ለወራት ማቆየት በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ከመቆረጥ የሚድን እያንዳንዱ ክንድ አንጀት ከፍ ያለ ዋጋ አለው።

እንቅፋቶቹም ይታወቃሉ። ፕሮቲኖቹ ውድ ናቸው፤ በአብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ ይፈልጋሉ። ለክትባት የተዘረጋው የቅዝቃዜ ሰንሰለት መነሻ ሊሆን ቢችልም ቋሚ መብራትን ይጠይቃል። ሕዋስን የሚያራባ ነገር የተደበቀ ዕጢንም ሊያራባ ስለሚችል ለረጅም ጊዜ መሰጠቱ ያሰጋል፤ ለአንድ ጊዜ ወይም ለጥቂት ቀናት ሲሰጥ ስጋቱ ያነሰ እንደሚሆን ይገመታል።

የእንገር ጉዳይ

የዕድገት ቀስቃሽ ፕሮቲኖች ያለ ፋብሪካና ያለ ማቀዝቀዣ የሚገኙበት አንድ ምንጭ አለ፤ እርሱም የእናት ጡት ነው። ኢጂኤፍና ኤችቢ ኢጂኤፍ በሰው ወተት ውስጥ ይገኛሉ፤ የኢጂኤፍ መጠን ደግሞ በእንገሩ ከፍ ይላል። ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ አንጀትን የሚያበሰብሰው ኔክሮታይዚንግ ኢንተሮኮላይቲስ ከሽፋኑ አለመብሰል፣ ከባክቴሪያና ከደም ፍሰት መዛባት ጋር የተያያዘ ሲሆን በእናት ወተት በሚያድጉ ሕፃናት ላይ የሚታየው በዱቄት ወተት ከሚያድጉት ባነሰ መጠን ነው። በእርግጥ ወተቱ የያዛቸው መከላከያዎች ብዙ በመሆናቸው ጥቅሙን ለአንድ ፕሮቲን ብቻ መስጠት አይቻልም። ሆኖም ሞጣን ጨምሮ በአማራ ክልል የተደረጉ ጥናቶች ከጡት በፊት ቅቤና ሌላ ነገር ለአራስ ማቅመስ፣ በአንዳንድ ቦታም እንገርን ማፍሰስ እንዳልቀረ ይመሰክራሉ። ለአራሱ አንጀት የተዘጋጀው የመጀመሪያ መከላከያ የሚደፋው በዚህ ልማድ ነው።

ቀጣይ የምርምር አቅጣጫ

ከዚህ ትንተና የሚመነጩት ጥያቄዎች ውድ መሣሪያ የሚሹ ብቻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የሠለጠኑት የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ቀዶ ሕክምናን ከሪፈራል ሆስፒታሎች ውጭ ወደ ወረዳ ከተሞች አቅርበዋል። እነርሱ የሚሞሉት የታማሚ መዝገብ አምስት ሰዓታትን ለይቶ ቢይዝ፣ ማለትም ቁርጠቱ የጀመረበትን፣ ከቤት የተነሡበትን፣ ሆስፒታል የደረሱበትን፣ ሆድ የተከፈተበትንና ጠመዝማዛው የተፈታበትን፣ የጉዳቱንና የጊዜውን ዝምድና ለመጀመሪያ ጊዜ በአካባቢው መረጃ ማስላት ይቻላል። የዙሩ አቅጣጫና መጠን፣ የአንጀቱ ቀለም፣ ከመፈታቱ በፊትና በኋላ ያለው የታማሚው የደም ግፊት ቢታከሉበት መረጃው ይበልጥ ይጠነክራል። ተቆርጦ ከሚወጣው አንጀት ዳርና መካከል የሚወሰድ ናሙና በቺዩ መለኪያ ቢመዘን ደግሞ በደም መልስ መታነቅ የሚደርሰው ጉዳት ምን እንደሚመስል ያሳያል። ይህ ሥራ ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ከወረዳ ሆስፒታሎች ጋር በጋራ ሊሠሩት የሚችሉት ነው።

ማጠቃለያ

የዕድገት ቀስቃሽ ፕሮቲኖች የአንጀትን ነባር ጥገና በማፋጠን ደም ሲመለስ የሚከተለውን ጉዳት ሊቀንሱ እንደሚችሉ የእንስሳትና የሕዋስ ሙከራዎች አሳይተዋል። የሞተን ክፍል ግን አያድኑም፤ በመንገድ የጠፋውንም ሰዓት አይመልሱም። ስለዚህ በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ዛሬ አንጀትን የሚያተርፈው ቀዳሚ ነገር ድንገተኛ ቁርጠትን፣ የሆድ መነፋትንና የዓይነ ምድር መከልከልን አብረው ያየ ቤተሰብ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ማምራቱ፣ ሆስፒታሉም በደረሰበት ሰዓት ሊያክመው ዝግጁ መሆኑ ነው። ነገ ፕሮቲኑ በመድኃኒትነት ቢደርስ እንኳ የሚሠራው በሰዓቱ በደረሰ አንጀት ላይ ነው።